የጎን በሩንም ጻፉት፦ ስለ አሮጌው ሲኒማ ቤታችን ለከተማው ምክር ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የከተማችን ምክር ቤት ሰብሳቢና አባላት፣
እንዲሁም ለከተማዋ ነዋሪዎች በሙሉ፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በኒው ሳውዝ ዌልስ ገጠር፣ በዚችው ከተማ የምንኖር አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ነን። አብዛኞቻችን የምንሠራው በስጋ ፋብሪካው፣ በሆስፒታሉና በአረጋውያን መጦሪያው ነው። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ከሌሎች የከተማው ሰዎች ጋር ሆነን በአሮጌው ሲኒማ ቤት በበጎ ፈቃድ እናገለግላለን። ትኬት እንቆርጣለን። ፈንዲሻ እንሸጣለን። የተሰበረ ወንበር እንጠግናለን። ፊልሙ ሲያልቅ አዳራሹን ጠርገን መብራት አጥፍተን እንወጣለን።

ምክር ቤቱ ይህን አዳራሽ ለሽያጭ ለማቅረብ ወስኗል። ከሽያጩ በፊት ደግሞ የሲኒማ ቤቱን ታሪክ የሚናገር ሰሌዳ በሩ ላይ ሊተክል አስቧል። የሰሌዳውን ረቂቅ አንብበነዋል። ሽያጩም ረቂቁም አሳዝነውናል። ሕንፃው ቢሄድ እንኳ ታሪኩ ይቀርልናል ብለን ነበር። ታሪኩም ግማሹ የለም።

የእንግሊዝኛውን ቅጂ ለጽሕፈት ቤታችሁ አስገብተናል። በአማርኛ የምናወጣው እንግሊዝኛ የማያነቡ ወላጆቻችን ምን እንደጠየቅን እንዲያውቁ ነው። በሜልበርን፣ በፐርዝና በሌሎችም የአውስትራሊያ ከተሞች ያሉ ወገኖቻችንም ያንብቡት። በደብዳቤው ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ከመጣችሁ ገና ጥቂት ዓመት ነው፤ የአሮጌ ሲኒማ ታሪክ ምን አገባችሁ?» ያሉን ሰዎች አሉ። መልሳችን አጭር ነው። እዚህ እንሠራለን፣ ግብር እንከፍላለን፣ ልጆቻችን እዚሁ ይማራሉ። ከእኛ መሀል በዕድሜ የገፉት ደግሞ አዲስ አበባ ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ ራስ በር ላይ ተሰልፈው ያደጉ ናቸው። ሲኒማ ቤት ለአንድ ከተማ ምን እንደሚያደርግለት የሚነግራቸው ሰው አያስፈልጋቸውም። በዚህች ከተማ ገበሬው፣ አስተማሪው፣ ፖሊሱ፣ የአገሪቱ ጥንተ ነዋሪ የሆኑት አቦርጂናል ወገኖቻችንና እኛ በአንድ ጣሪያ ሥር ጎን ለጎን የምንቀመጥበት ሌላ ቤት የለም። ሱፐርማርኬት ውስጥ እንተላለፋለን። ለጸሎት የየራሳችን ቦታ አለን። አብረን የምንስቀው ግን ቅዳሜ ማታ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታችን እንግባ።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ውሳኔው የተላለፈበት መንገድ ነው። ሽያጩን የሚመለከተው ማስታወቂያ በእንግሊዝኛ ብቻ ወጣ፤ የተለጠፈውም ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ነው። አስተያየት መቀበያው ስብሰባ የተጠራው በሥራ ቀን፣ ከቀትር በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት የፋብሪካው የማታ ሺፍት ይገባል። የሆስፒታሉ ነርሶች ሺፍት የሚቀያየሩትም በዚያው ሰዓት አካባቢ ነው። ከመሀላችን አንዲት ነርስ ማስታወቂያውን ያየችው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ፈቃድ ጠይቆ ስብሰባው ላይ ተገኝቶ ነበር። «አስተያየት በጽሑፍ ብቻ ነው» ተብሎ ሳይናገር ተመለሰ።

ከሁሉ ያሳዘነን ግን የሌላ ሰው ጉዳይ ነው። ትኬት መቁረጫው ጋ ሁልጊዜ የሚቀመጡ አንዲት አቦርጂናል እናት አሉ። እኛ እማማ እንላቸዋለን። ልጅ ሆነው በዚህ አዳራሽ ፊልም ያዩ ሰው ናቸው። አሁን ደግሞ ልጆቻችንን በስም እየጠሩ ያስገባሉ። የሽያጩን ወሬ የሰሙት ከእኛ ነው። ከጽሕፈት ቤታችሁ አንድም ሰው አላናገራቸውም። ስለ ቤቱ ታሪክ ሰሌዳ ሲጻፍ ቤቱን ከማንም በላይ የሚያውቁትን ሰው መጠየቅ ማንን ይከብዳል?

ሁለተኛው ቅሬታችን የሰሌዳው ጽሑፍ ነው። እዚህ ላይ በዝርዝር እንድንናገር ፍቀዱልን።

ረቂቁ ሕንፃውን ማን እንዳሠራው ይናገራል። የምረቃውን ምሽት፣ ባርኔጣ ያደረጉትን ወይዛዝርት፣ ድምፅ ያለው ፊልም የመጣበትን ጊዜ ይተርካል። ከዚያ «ቴሌቪዥን መጣና ዘመኑ አበቃ» ብሎ ይዘጋል። ውሸት የለበትም። ግን ቤቱ ሁለት በር ነበረው። አንዱ ዋናው በር ነው። ሌላው በጎን በኩል ያለው፣ ዛሬ በጡብ የተደፈነው ነው። በዚያ የሚገቡት አቦርጂናል ቤተሰቦች ነበሩ። እማማ ቦታውን በእጃቸው እየዳሰሱ አሳይተውናል። ጡቡ ከሌላው ግድግዳ ቀለሙ ይለያል። ረቂቁ ውስጥ ግን ስለዚህ በር አንድም ቃል የለም።

ይህ የእኛ ከተማ ብቻ ጉድ ቢሆን ኖሮ የተረሳ ነገር ነው እንል ነበር። የመላው አገሪቱ ታሪክ ነው፤ በግልጽም ተጽፏል። እዚሁ ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ በሰሜኑ የባሕር ዳርቻ አካባቢ ቦውራቪል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በሲኒማ ቤቷ አቦርጂናል ሰው በነጮቹ በር አይገባም ነበር። የሚገባው በጎን ነው። የሚቀመጠውም ፊት፣ ሸራው ሥር፣ ለብቻ በተከለለ ቦታ ነው። እዚያ የተቀመጠ ሰው ፊልሙን የሚያየው አንገቱን ወደ ላይ ቀልብሶ ነው።

በየካቲት 1965 ከሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ሠላሳ የሚሆኑ ተማሪዎች አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ገጠር ወጡ። ከመሪዎቻቸው ዋነኛው አቦርጂናሉ ቻርለስ ፐርኪንስ ነበር። ጉዞው በታሪክ «የነፃነት ጉዞ» ተብሎ ይታወቃል። በዋልጌት የዘማቾች ክበብ በር ላይ ቆሙ። በሞሪ አቦርጂናል ልጆች እንዳይገቡ የተከለከሉበት የመዋኛ ገንዳ ላይ ተፋጠጡ። ቦውራቪል ሲደርሱ ደግሞ የተቃወሙት ሲኒማ ቤቱን ነው። ይህን ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን። ሰው ሕይወቱን አደጋ ላይ ጥሎ ይህን ያህል መንገድ ሄዶ ከተቃወማቸው ነገሮች አንዱ የሲኒማ መቀመጫ ነበር። በአንዲት ትንሽ ከተማ አንድ ሰው ምን ያህል ሰው ተብሎ እንደሚቆጠር ቅዳሜ ማታ በየትኛው በር እንደሚገባ አይቶ ማወቅ ይቻል ነበር።

የቦውራቪል ሰዎች ዛሬ ያን ሲኒማ ቤት አድሰውታል። የጎን በሩን ታሪክ ግን አልደበቁትም። ቤቱ ሲነሳ አብሮ ይነገራል። ከተማዋ በዚህ አላፈረችም፤ ሕንፃውም አልፈረሰም።

በአገሪቱ ሌላኛው ጫፍ ብሩም አለች። በምዕራብ አውስትራሊያ ሰሜናዊ ዳርቻ የምትገኝ፣ ከባሕር በሚወጣ የሉል ዛጎል የከበረች ከተማ ናት። ሰን ፒክቸርስ የተባለው ጣሪያ አልባ ሲኒማዋ የተከፈተው በታኅሣሥ 1916 ነው። እስካሁንም ይሠራል። በዓለም ሳይዘጉ ከቆዩት የአየር ላይ ሲኒማዎች ሁሉ አንጋፋው ተብሎ ይታወቃል። ድሮ ማዕበሉ ሲሞላ የባሕር ውኃ እስከ ወንበሮቹ ድረስ ይገባ ነበር ይባላል። ሰዎች እግራቸውን ወደ ላይ አንሥተው ፊልማቸውን ይጨርሳሉ። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ቱሪስትም ይወደዋል። በዚያው አዳራሽ ግን መቀመጫው በዘር የተከፋፈለ ነበር። ነጮች መሀል፣ ምቹው ወንበር ላይ ናቸው። ጃፓኑ፣ ቻይናው፣ ማሌዩና አቦርጂናሉ የሚቀመጡት በተመደበላቸው ቦታ ነው። ዛጎሉን ከባሕር ሥር የሚያወጡት ጠላቂዎች በብዛት ጃፓኖች መሆናቸውን አስቡት። የአገሪቱ ሕግ ነጭ ያልሆነ ሰው እንዳይገባ ሲከለክል፣ ለዛጎል ሥራው ብቻ ተብሎ ልዩ ፈቃድ ይሰጣቸው ነበር። የከተማዋ ሀብት በእነሱ ትንፋሽ ነው የመጣው። ማታ ግን ጥግ ላይ ይቀመጡ ነበር።

ያ ሕግ እኛንም ይመለከታል። ከ1901 ጀምሮ የነበረው «ነጭ አውስትራሊያ» የሚባለው ፖሊሲ ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1973 ነው። ከዚያ በፊት ከአፍሪካ መጥተን በዚህች ከተማ ቤት ተከራይተን መኖር የምናስበው ነገር አልነበረም። ቢፈቀድልን እንኳ በየትኛው በር እንደምንገባ እናውቃለን። ለዚህ ነው የተደፈነው በር ታሪክ የሌላ ሰው ጉዳይ የማይመስለን። እዚያ በር ላይ የቆሙት ሰዎች ታግለው ያስከፈቱትን ዋና በር ነው ዛሬ ልጆቻችንን ይዘን የምንገባበት።

ሦስተኛው ቅሬታችን ረቂቁ በሲኒማ ቤት የሠሩትን ሰዎች መርሳቱ ነው። የገጠር ሲኒማ ታሪክ የባለቤቶች ታሪክ ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ ላይ ፊልም ወደ ገጠር የመጣው በጋሪ ነው። ተዘዋዋሪ ፊልም አሳዮች ማሽናቸውን ጭነው ከከተማ ከተማ ይዞሩ ነበር። የሚያሳዩት «ስኩል ኦፍ አርትስ» በሚባለው የሕዝብ አዳራሽ ነው፤ ካልሆነም ሜዳ ላይ ሸራ ወጥረው። ማሽኑ በእጅ ይዘወራል። ፊልሙ ድምፅ ስለሌለው አንድ ሰው ፒያኖ ላይ ይቀመጣል። በብዙ ከተማ ይህ ሰው የሙዚቃ አስተማሪ የሆነች ሴት ነበረች። ሸራውን እያየች፣ ፈረስ ሲሮጥ ጣቷን እያፈጠነች፣ ሰው ሲሞት እያለዘበች ማታውን ሙሉ ትጫወታለች። በ1928 መጨረሻ ሲድኒ ላይ ድምፅ ያለው ፊልም ሲጀመር እነዚህ ሴቶች ሥራቸውን አጡ። የብዙዎቹ ስም የትም አልተጻፈም። በእኛም ሰሌዳ የለም።

ፊልም አሳዩንም አስቡት። የዚያን ጊዜ ፊልም የሚሠራበት ናይትሬት እጅግ ተቀጣጣይ ነበር። አንዴ ከተያያዘ ውኃም አያጠፋውም። ስለዚህ የማሽኑ ክፍል እሳት በማያሳልፍ ግድግዳ ይታጠራል፤ መስኮቶቹ እሳት ሲነሣ የሚወድቅ የብረት መዝጊያ አላቸው። መዝጊያው ሲወድቅ ተመልካቹ ይድናል። ሰውየው ግን ውስጥ ነው። የእኛ አዳራሽ መዝጊያዎች ዛሬም ቦታቸው ላይ ናቸው፤ ወጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ። በበጋ የእነዚህ ከተሞች ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣ፣ በዚያች ጠባብ ክፍል በሚነድ መብራት አጠገብ ቆሞ መሥራት ምን እንደሚመስል የስጋ ፋብሪካ ሠራተኛ ይገባዋል። ፊልሙ በቆርቆሮ ሣጥን ታሽጎ በባቡር ይመጣል፤ አንድ ሰው ጣቢያ ወርዶ ይቀበላል፤ ካለቀ በኋላ ጠቅልሎ ለሚቀጥለው ከተማ ይልካል። ባቡሩ ከዘገየ ከተማው ሙሉ ይጠብቃል።

ስደተኞቹም አሉ። በኒው ሳውዝ ዌልስ ገጠር ብዙ ሲኒማ ቤት የከፈቱት ግሪኮች ናቸው፤ በተለይ ኪቲራ ከምትባል ደሴት የመጡ። ብዙዎቹ በባዶ እጃቸው መጥተው ካፌ ውስጥ ሳህን ሲያጥቡ የቆዩ ናቸው። ግራፍተን ከተማ ሳራቶን የሚባለውን ሲኒማ በ1926 የሠራው ከዚያችው ደሴት የመጣው የኖታራስ ቤተሰብ ነው። የቢንጋራ ታሪክ ግን ከሁሉ ይበልጣል።

ቢንጋራ በሰሜን ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ በግዋይደር ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ጆርጅ ፕሳልቲስ፣ ኢማኑኤል አሮኒና ፒተር ፌሮስ የተባሉ ሦስት የኪቲራ ልጆች እዚያ ካፌ ነበራቸው። አውስትራሊያ ከታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ገና በቅጡ ሳታገግም፣ ለዚህች ከተማ ሲድኒ ውስጥ ቢቆም የማያሳፍር ሲኒማ ቤት ሊሠሩ ተነሡ። ሮክሲ ብለው በመጋቢት 1936 መረቁት። ካፌም ሱቆችም አብረው ነበሩ። ከተማው ውስጥ ሌላ ሲኒማ ቤት ያለው ተፎካካሪ ነበራቸው። ፉክክሩና ዕዳው ተደራርቦ ዓመት ሳይሞላቸው ከሰሩ። ሰዎቹ ያላቸውን አጡ፤ ሕንፃው ግን ለከተማው ቀረ። እስከ 1958 ፊልም ታየበት። ከዚያ ለረጅም ዓመታት ሲዘጋ ሲከፈት፣ ለሌላ ለሌላ ነገር ሲያገለግል ቆየ።

በ1999 የአካባቢው ምክር ቤት ገዛው። በ2004 ታድሶ ተከፈተ። በኋላም የግሪኮቹ ካፌ እንደ ጥንቱ ሆኖ ተመለሰ፤ በየገጠሩ ካፌ ከፍተው የኖሩትን ግሪኮች የሚዘክር ሙዚየምም ተጨመረበት። ዛሬ ሰው ከሩቅ መጥቶ ያየዋል። የቢንጋራ ሕዝብ ብዛት ከእኛ ከተማ አይበልጥም። እዚያ ምክር ቤቱ ገዢ ሆነ፤ እዚህ ሻጭ ሆነ። በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት የገንዘብ ነው ብለን ለማመን እንቸገራለን።

የእኛን አዳራሽ ያሠራው ግሪክ አይደለም። ነገር ግን ውስጡ ጣፋጭና ሎሚ የሚሸጡ፣ ሱቁን የተከራዩ፣ ወንበሩን የሠሩ ከሌላ አገር የመጡ ሰዎች እንደነበሩ የከተማው ሽማግሌዎች ይናገራሉ። አንዳንዶቹ ዛሬም በአረጋውያን መጦሪያው በሕይወት አሉ። በየቀኑ የምንመግባቸውና የምንደግፋቸው እኛ ስለሆንን ሲያወሩ እንሰማለን። የምንጠይቀው እነሱ ሳያልፉ ቃላቸው እንዲቀዳ ነው። ይህች አገር በ1906 ስለ ሽፍታው ኔድ ኬሊ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚሄድ ፊልም ሠራች። በዓለም የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት ትረካ ፊልም ተብሎ በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። ዛሬ ከዚያ ፊልም የተረፈው ሩቡ ያህል ነው። ሌላው ጠፍቷል፤ በጊዜው ይቀመጥ ያለ ሰው አልነበረም። የአንዲት የገጠር ከተማ ትዝታ ደግሞ ከዚህም ፈጥኖ ይጠፋል።

አራተኛው፣ የሽያጩ ምክንያት ነው። «የሲኒማ ዘመን አልፏል፤ ሕንፃውም አርጅቷል» ብላችኋል።

ስለ እርጅናው እንጀምር። ጣሪያው ማፍሰስ ከጀመረ ቆይቷል። በተደጋጋሚ አመልክተናል። ሰው መጥቶ ፎቶ አንሥቶ ሄደ። ዝናብ ሲጥል ከኋላ ባሉት ረድፎች ባልዲ እንደረድራለን። በረንዳው ላይ የተላጠውን ቀለም ራሳችን ገዝተን ቀብተናል። የኤሌክትሪክ መስመሩ ግን በበጎ ፈቃደኛ የሚነካ ነገር አይደለም። ለዓመታት ሳይጠገን የተተወን ቤት «አርጅቷል» ብሎ መሸጥ ፍትሐዊ አይደለም።

ዘመኑ አልፏል ስለሚለው ደግሞ፣ ሲኒማ እንደሚሞት ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ቴሌቪዥን በ1956 በሲድኒና በሜልበርን ተጀመረ፤ በ1960ዎቹ ገጠር ደረሰ። ያኔ በየገጠሩ የነበሩ ብዙ ሲኒማ ቤቶች ተዘጉ፤ ይህ እውነት ነው። ከዚያ ቪዲዮ መጣ። ከ2010 በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ አከፋፋዮቹ የጥንቱን ፊልም ትተው ወደ ዲጂታል ሲዞሩ፣ ውድ ማሽን መግዛት ያልቻለ ትንሽ ሲኒማ ቤት ጭንቅ ያዘው። በ2020 በኮቪድ ሁሉም ዘጋ። ይህን ሁሉ ያለፉት ግን ዛሬም አሉ። የተረፉትም አብዛኛውን ጊዜ ሕዝቡ የእኔ ያላቸው ናቸው።

በቪክቶሪያ ቻርልተን የምትባል የገበሬ ከተማ አለች። በ1938 የተሠራው ሬክስ ሲኒማዋ የኅብረተሰቡ ነው፤ የሚያሠሩትም በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በጥር 2011 ጎርፍ ከተማዋን አጥለቀለቀ፤ ሲኒማ ቤቱም ተጎዳ። ሰዎቹ ግን ጠግነው እንደገና ከፈቱት። በኩዊንስላንድ ዊንተን፣ በበረሃ ዳር፣ የ1918ቱ ጣሪያ አልባ ሮያል ሲኒማ ዛሬም ሰው ይቀመጥበታል። በደቡብ አውስትራሊያ በረሃ ውስጥ ባለችው የኦፓል ከተማ ኩበር ፒዲ፣ መኪና ውስጥ ተቀምጠው የሚያዩት ሲኒማ አለ። የማዕድን ቆፋሪዎች ከተማ ስለሆነች «ፈንጂ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያው በመላ አገሪቱ ይታወቃል። ይህም የቆየው በከተማው ሰዎች ጉልበት ነው። ከእኛ የሚርቁ፣ ከእኛ የሚሞቁ ከተሞች ናቸው። ከእኛ የሚበልጥ ሀብትም የላቸውም።

እኛም ሰው አለን። በትምህርት ቤት ዕረፍት ጊዜ ወንበር ሞልቶ ልጆች ደረጃው ላይ ይቀመጣሉ። በእንቁጣጣሽ ቡና አፍልተን ዳቦ ቆርሰን የከተማውን ሰው ጋብዘናል፤ የመጣውም ብዙ ነው። ከኋላ በኩል በመስታወት የተዘጋች፣ ድሮ ሕፃን የሚያለቅስባቸው እናቶች ፊልም የሚያዩባት ክፍል አለች። ዛሬ የእኛ ሚስቶችና እህቶች ከነጭ ገበሬዎች ሚስቶች ጋር ሕፃን ታቅፈው እዚያ ይቀመጣሉ። ቋንቋ ባይግባቡም ዳይፐር ይዋዋሳሉ። ይህ በገንዘብ የሚገመት ነገር ባለመሆኑ በሽያጭ ሰነዳችሁ ውስጥ አልገባም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ሽያጩ ለጊዜው ይቁም። በፋብሪካውና በሆስፒታሉ ሺፍት የሚሠራ ሰው ሊገኝበት በሚችል ቀን፣ በተለይ በእሑድ፣ አስተርጓሚ ያለበት ስብሰባ ይጠራ። ስብሰባው በራሱ በአዳራሹ ውስጥ ቢሆን እንመርጣለን፤ ወንበሩን እኛ እናዘጋጃለን።

ሰሌዳው በአሁኑ ረቂቅ እንዳይተከል። የአካባቢው አቦርጂናል ሽማግሌዎች ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ የሚሳተፉበት አዲስ ጽሑፍ ይዘጋጅ። ስለ ጎን በሩ ምን እንደሚባልና እንዴት እንደሚባል የሚወስኑት እነሱ ይሁኑ። የተደፈነው በር ግድግዳ በማንም እጅ፣ አዲስ ባለቤት ቢመጣም፣ እንዳይለሰንና እንዳይፈርስ በጽሑፍ ይረጋገጥልን።

በአረጋውያን መጦሪያው ያሉ፣ ሲኒማ ቤቱን የሚያስታውሱ ሰዎች ቃል በድምፅ ይቀዳ። ይህ ነገ ሊጀመር ይችላል፤ ከእኛ መሀል ለመቅዳት ፈቃደኛ የሆኑ ወጣቶች አሉ። ከቤተ መጻሕፍቱ የምንፈልገው ማስቀመጫ ብቻ ነው።

በማሽኑ ክፍልና በዕቃ ቤቱ ያሉት የድሮ ፖስተሮች፣ የትኬት ጥራዞች፣ የቆርቆሮ ሣጥኖችና ማሽኑ ራሱ ከሽያጩ ጋር እንዳይሄዱ፣ ቆሻሻ መጣያም እንዳይገቡ። ምን እንዳለ ይመዝገብ። ናይትሬት ፊልም ሊኖር ስለሚችል ማንም ሳይነካው ካንቤራ ያለው የብሔራዊ ፊልምና ድምፅ ቤተ መዛግብት ባለሙያዎች ይጠየቁ።

የጣሪያውና የኤሌክትሪኩ ጥገና ምን ያህል እንደሚያስወጣ በገለልተኛ ባለሙያ ተገምቶ ለሕዝብ ይገለጽ። ዋጋውን ሳናውቅ «አይቻልም» የሚለውን አንቀበልም። ግምቱ ከታወቀ በኋላ ገንዘብ ለማሰባሰብ የድርሻችንን እንወጣለን። ሕንፃውን ኅብረተሰቡ በጋራ የሚይዝበት መንገድም አብሮ ይጠና።

ይህን ሁሉ ካያችሁ በኋላ መሸጥ ግድ ከሆነ፣ አዳራሹ ለሕዝብ መሰብሰቢያነት እንዲቆይ የሚያስገድድ ሁኔታ ውሉ ውስጥ ይግባ። ለመኪና ማቆሚያ እንዳይፈርስ።

መልሳችሁን በጽሑፍ፣ በእንግሊዝኛና በአማርኛ እንጠብቃለን። የአማርኛውን ትርጉም ያለ ክፍያ እንሠራላችኋለን። እስከዚያው ቅዳሜ ማታ እንደተለመደው በሩን እንከፍታለን። የምክር ቤቱ አባላትም መጥታችሁ እንድታዩ ጋብዘናችኋል።

ከአክብሮት ጋር፣

የቅዳሜ ማታ ሲኒማ በጎ ፈቃደኞች አስተባባሪ፣
በከተማው በሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ስም

ግልባጭ፦
ለከተማው ቤተ መጻሕፍት
ለአረጋውያን መጦሪያው አስተዳደር
ለአካባቢው አቦርጂናል ሽማግሌዎች